ቡሬ ላይ የገጠምኩት ኮምፒውተር

ከባለቤቴ ጋር የተለያየነው ያለ ጭቅጭቅ ነው። አራት ሽማግሌዎች ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዕቃውን አካፈሉን። አልጋው ለእኔ፣ ቴሌቪዥኑ ለእሱ፣ ቁም ሳጥኑ ለእኔ፣ ወላጆቼ ዘንድ ያለችው ላም ለእኔ እያሉ ወረዱ። ኮምፒውተሩን ግን የጠራው የለም። የእሱ መሥሪያ ነው ተብሎ ከመጻሕፍቱ ጋር ቀድሞ ተሸክፎ ነበር። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞር አሉና፣

«ልጄ፣ የቀረሽ ነገር አለ?» አሉኝ።

አለ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ግን ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ የሒሳብ መምህርት በአራት ሽማግሌ ፊት «ጌሙ ቀረብኝ» ብዬ እንዴት ልናገር? «ምንም አልቀረኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው። መረቁንና ተነሡ።

ጌሙ የጭነት መኪና መንዳት ነው። ዕቃ ይጭናሉ፣ በማያውቁት አገር መንገድ ረጅም ሰዓት ይነዳሉ፣ ያራግፋሉ፤ ሌላ ነገር የለውም። ሁለት ክረምት አብረን ነድተናል። እሱ ሲነዳ እኔ ካርታውን አነብለታለሁ፤ ሲደክመው እንቀያየራለን። ቡሬ ክረምቱ ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከቤት መውጣት የለም። እኔና እሱ ፊት ለፊት ተቀምጠን ማውራት አንችልበትም ነበር። ስንነዳ ግን ሁሉንም እንነጋገራለን። ልጅ እንደማንወልድ ሐኪም የነገረን ሰሞን እንኳ ነገሩን ያነሣነው እየነዳን ነው። ዓይናችን መንገዱ ላይ ነበር፤ አልተያየንም፤ እሱ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ፤ እኔ «በቀኝ በኩል ታጠፍ» አልኩት።

እሱ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ ያስቸገረኝ የከሰዓቱ ርዝመት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ትጠብቀኛለች። ደብተር አርማለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ግቢ እጠርጋለሁ፤ አሁንም ፀሐይዋ አለች። አንድ ቀን እጄ ጠረጴዛው ላይ ያለ ምክንያት ተዘርግቶ አየሁት። ጣቶቼ የሚነዱበትን ቦታ እየፈለጉ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለጽሕፈት ቤት ጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ጉዳዬን ጨርሼ በዋናው መንገድ ስወርድ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መስታወት ውስጥ ለጌም የተሠራ ኮምፒውተር አየሁ። ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቀይ መብራት ይዞራል። ገባሁ። ባለሱቁ ወጣት ነው፤

«ለልጅሽ ነው፣ እህቴ?» አለኝ።

«ለራሴ ነው።»

ሊሥቅ ነበር፤ ፊቴን አየና ተወው። «ያለቀለት ዕቃ ነው። ቤት ወስደሽ መሰካት ብቻ ነው» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ አንድ ዓመት ሳልበላ ሳልጠጣ ብሠራ የምደርስበት አልሆነም። አመስግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ካለችው ማንኩሳ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ «ለልጅሽ ነው?» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ከማንኩሳ በኋላ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ያለቀለትን ካልቻልኩ ያላለቀውን ለምን አልሞክርም? ዕቃውን አንድ በአንድ እየለቃቀሙ የሚገጥሙ ሰዎች እንዳሉ ባለቤቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ።

ቡሬ ውስጥ ሽቦ የሚያውቁ አንድ ሰው አሉ። ከበርበሬ ተራው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ብዙ ዘመን የተማሩ፣ መሪጌታ የሆኑ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ከመጽሐፍ ወደ ሽቦ ዞርኩ ይላሉ፤ ሽቦውም ከፊደል የማይተናነስ ደቃቅ መሆኑን ሲያነሡባቸው ይሥቃሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ቅዳሜ ከገበያው መሐል በርበሬው እያስነጠሰኝ ሄጄ በራፋቸው ላይ ቆምኩ።

«መሪጌታ፣ ኮምፒውተር ገጥመው ያውቃሉ?»

ቀና ሳይሉ፣ «ሬዲዮ ገጥሜያለሁ። ግጥምም ገጥሜያለሁ። ኮምፒውተር ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም» አሉ። ቀጥለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ። «አንቺንስ ምን ገጠመሽ?»

ጥያቄው ሁለት አፍ እንዳለው ገብቶኛል። መለያየታችንን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔ ሰሙን መለስኩላቸው፤ ወርቁን ዘለልኩት። «ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ፈልጌ ዋጋው አልቻል አለኝ» አልኩ። እሳቸውም ሰሙን ተቀበሉና «ተቀመጪ» ብለው በርጩማ አቀረቡልኝ።

ያደረግነው ይህ ነው። በመጀመሪያ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ከወጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱን ከገዛው ሰው ላይ ገዛሁ። ለደብዳቤ መጻፊያ የተሠራ ነው፤ ግን ልቡ ደኅና ነበር። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን የሚስለው ክፍል ነው። ያገለገለ ካርድ ባሕር ዳር ተገኘ፤ በስልክ ተስማማሁ። ያን ጊዜ መንገዱ ጥቂት ቀን ተከፍቶ ለወራት የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔትም የጠፋበት ዘመን ነው። ካርዱ ባሕር ዳር ሁለት ወር ያህል ተቀመጠ።

በዚያ ሁለት ወር ውስጥ የምንሠራው ምንም ሥራ አልነበረም። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። አሮጌውን ሳጥን እንከፍታለን፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ እናራግፋለን፣ እያንዳንዱን ክፍል ነቅለን መልሰን እንተክላለን። እኔ የተጻፈበትን እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ እሳቸው ስም ያወጡለታል።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሜሞሪ ናት፤ ራም ይሏታል። የሚሠራውን ሁሉ የሚያስታውሰው በእሷ ነው። እሷ ከሌለች አይነሣም።»

«እንግዲያ ተዝካር ያልወጣለት አይነሣም በይኛ!» አሉና ሣቁ፤ ሣቁ ግን ቶሎ ቆመ። ትንሽ ቆይተው፣ «የባለቤቴን ተዝካር ያወጣሁት ተበድሬ ነው። እሷ እንኳ ብትሰማ ትቆጣኝ ነበር» አሉ። እኔም ያን ቀን ስለ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ። ብዙ አይደለም። ካርታ አነብለት እንደነበር ብቻ። መሪጌታ ብሩሻቸውን አላቆሙም፤ «ካርታ የምታነብ ሴት ይዞ መንገድ መሳት ያሳዝናል» አሉ።

መንገዱ ሲከፈት ካርዱ በአንድ ሹፌር እጅ በአሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ መጣ። ከሳጥኑ ሁለት ጣት ያህል ይረዝም ነበር። ብየዳ ቤት ወስደን የሳጥኑን ጎን አስቆረጥን። አሁን ገባ ስንል ደግሞ የአሮጌው ኮምፒውተር የኤሌክትሪክ ማደያ፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉት፣ ካርዱን መሸከም እንደማይችል ታወቀ። በቁጠባ የሚገጠም ነገር እንዲህ ነው፤ አንዱን ስታሟሉለት ሌላው ያጥራል፤ ጋቢ አጥሮት እግሩን ሲሸፍን ራሱ እንደሚገለጥበት ሰው ነው። ጉልበት ያለው ማደያ ለማግኘት ሌላ ወር ፈጀ።

የመጀመሪያውን ቀን ስንሰካው ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ነቅለን ገጠምን፤ ያው ነው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ያው፣ በሦስተኛውም ያው። ሦስተኛው ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ። ለኮምፒውተር ብቻ የሚፈስ እንባ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

«ያለቀለትን መግዛት ነበረብኝ» አልኩ።

«በምንሽ?»

«ላም ሸጬም ቢሆን። ያን ቀን ገዝቼ ያን ቀን እጨርስ ነበር።»

መሪጌታ ራሟን ነቅለው ወደ ብርሃን ያዟት። ጠርዟ ላይ ያለው ወርቅማ ጥርስ ደብዝዟል። «ላጲስ ይዘሻል?» አሉኝ። መምህር ነኝ፤ ከቦርሳዬ ላጲስ አይጠፋም። ሰጠኋቸው። ያንን ጥርስ ቀስ እያሉ በላጲስ ሲፈትጉት ጥቁር ጥቁሩ እየለቀቀ መጣ። በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው ተከሏትና «በስመ አብ» ብለው ማብሪያውን ተጫኑ።

ስክሪኑ በራ።

«እሰይ!» አሉ፤ ጭብጨባ የማያውቁት ሰውዬ እጃቸውን አጋጩ። እኔም እየሣቅሁ እንባዬን ጠረግሁ። ከዚያ ግን ሥራው አለቀ። ሳጥኑን ዘጋን፤ ብሎኖቹን እኔ አጠበቅሁ። አንደኛው አልጠብቅ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ግን እሱም ጠበቀ። ባጃጅ ጠርተው ሲያስጭኑልኝ፣

«እንግዲህ ለቅዳሜ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቅዳሜ ገበያ ስትመጪ እለፊ» አሉ መሪጌታ። ያን ጊዜ ነው ስንት ጊዜ ያለ ሥራ እንደመጣሁ የቆጠርኩት። እሳቸውም ሥራ እንዳልነበረን ያውቁ ነበር።

ጌሙን ከሚጭኑ ልጆች በፍላሽ አስጭኜ ከፈትኩት። ከዜሮ ጀመረ። ያ ሁሉ የነዳነው መንገድ፣ ያጠራቀምነው መኪና የእሱ ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። የሹፌሩን ስም ጠየቀኝ፤ የራሴን ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ጭነት ሳወጣ ሁለት ጊዜ መታጠፊያ አለፍኩ፤ መሪና ካርታ አንድ ላይ ይዤ አላውቅማ። ሁለተኛውን ወንበር ከጎኔ አንሥቼ ወደ ጓዳ ወሰድኩት፤ ባዶ ሆኖ ሲታየኝ ነው እንጂ ቦታ አጥብቦብኝ አይደለም።

በወሩ ገደማ ባለቤቴ ደወለ። አንድ ወረቀት ፊርማዬን ይፈልጋል። ጉዳዩን ከጨረስን በኋላ ኮምፒውተር እንዳለኝ ነገርኩት።

«ገዛሽ?»

«ገጠምኩ።»

«ማ? አንቺ?» ሣቀ፤ የድሮ ሣቁ ነው። «ጎበዝ! ይሄ እንኳ አይታመንም።»

«የድሮው ኮምፒውተር አለ?» አልኩት።

«ኧረ ሸጥኩት፤ ቆየ እኮ።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ሁሉንም አጥፍቼ ነው የሸጥኩት። ምነው፣ የሚያስፈልግሽ ፋይል ነበር?»

«የለም» አልኩት። ቀጥሎም ለሚያዝያ ሊያገባ እንደሆነ፣ ከሌላ ሰው ከምሰማው ራሱ ቢነግረኝ እንደሚሻል ነገረኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፤ ከልቤ ነበር ማለት ይቻላል። ስልኩን ዘግቼ የፈተና ወረቀት ማረም ጀመርኩ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ካረምኩ በኋላ የመጀመሪያዎቹን አሥር ልጆች ተሳስቼ እንዳረምኳቸው አይቼ እንደገና ጀመርኩ።

መሪጌታ ቤቴ የመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ኮምፒውተሩ እየጠፋ አስቸገረኝና የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ እንዲገጥሙልኝ ነገርኳቸው። ሰው እንዳያማኝ በሩን ገርበብ አላደረግኩትም፤ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። እሳቸውም ደፍ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። ሥራቸውን ሲጨርሱ «እስቲ ያን ሁሉ የደከምንበትን አሳይኝ» አሉ። ነዳሁላቸው። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ድልድይ፣ ረጅም ዋሻ አለፍን። መሪጌታ በጥሞና ሲያዩ ቆይተው፣

«ይሄ ሁሉ መንገድ አንድ እግረኛ የለውም?» አሉ።

«ለመኪና ብቻ ነው የሠሩት።»

«እንዴት ዋልሽ የሚልሽ የለም በይኛ።»

«የለም።»

ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «በይ እንዴት ዋልሽ» አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸው። ወዲያው ፈረስ ቤት ከተማ ያለች እህታቸው በሽታ እንደጠናባት፣ የሚያስታምማት እንደሌለ፣ ሱቃቸውን ለቅቀው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሄዱ። ሱቃቸው አሁን የፕላስቲክ ጫማ ይሸጥበታል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ እግሬ ሳላውቀው ወስዶኝ እዚያ ቆሜያለሁ፤ ሻጯ «ስንት ቁጥር ነሽ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ስልካቸው ፈረስ ቤት አንዳንዴ ይሠራል። በበዓል በበዓል እደውላለሁ፤ እህታቸው ተሽሏታል፤ እሳቸውም እዚያው ቀርተው ሕፃናት ያስተምራሉ። ስንነጋገር ግን ድምፁ ይቆራረጣል፤ ቶሎ እንሰነባበታለን።

ኢንተርኔት ሲመለስ ሌሎች ሰዎች ባሉበት መንገድ ላይ የሚያስነዳውን የጌሙን ዓይነት አስጫንኩ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በአንድ መንገድ ላይ ይነዳሉ፤ ማን የት እንዳለ አይታወቅም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከፊቴ አንድ ሰማያዊ የጭነት መኪና ይሄድ ነበር። ለማለፍ እችል ነበር፤ አላለፍኩትም። እሱም ወደ ኋላ ስቀር ፍጥነቱን ይቀንስልኛል፤ መታጠፊያ ሲደርስ ቀድሞ መብራት ያሳየኛል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ተከታትለን ሄድን። ማን ይሁን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሕፃን ይሁን ሽማግሌ አላውቅም። አንድ ከተማ መግቢያ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ፤ የእኔ ጭነት ወደ ባሕሩ ወደብ ነው፤ የእሱ ወደ ሌላ። ሲታጠፍ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋልኝ። እኔም ሁለት ጊዜ ነፋሁለት፤ ከዚያ ዕቃውን አራግፌ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና የሰኞውን ትምህርት ማዘጋጀት ጀመርኩ።