ገመድ ቀማሹ ደረሰ

ዛፍ ቆራጩ ደረሰ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቡሹሎ በተባለ ቀበሌ ከባሕር ዛፍ ላይ ወደቀ። ሲወርድ እንዲይዘው በዋናው ገመድ ላይ በቢጫ ፕላስቲክ ገመድ ቋጠሮ አሥሮ ነበር። ፈጥኖ ሲንሸራተት ቋጠሮው በፍትጊያ ጋለና ቀልጦ ተበጠሰ። ዳሌው ተሰብሮ አምስት ወር ተኛ። ሲነሣ ግራ እግሩ አጥሮ ነበር። ሌላ ሙያ ስላልነበረው ወደ ዛፉ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ገመድ ሲገዛ ነጋዴ አያምንም። ጫፉን በክብሪት ይሞክራል፤ እሳቱ ገና ሳይነካው የሚሸበሸበውን ይመልሳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ እየዳሰሰ የሳሳ ቦታ ይፈልጋል። ዛፍ ላይ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ገመዱን ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ አሥሮ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይንጠለጠልበታል። ይህን “መቅመስ” ይለዋል።

የእህቱን የሮማንን ባል ካሌብን ሙያውን አስተምሮት ሁለቱ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠሩ። የሚቀምሰው ግን ሁልጊዜ ደረሰ ነው። “ታላቅ እያለ ታናሽ አደጋ አይቀምስም” ይል ነበር። እኛም ጎረቤቶቹ በዚህ እናከብረው ነበር።

አማኑኤል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ከውጭ ያመጣውን አንድ ብረት ሰጣቸው። ገመዱ በውስጡ ያልፋል፤ እጀታውን ሲጫኑት ያወርዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ካሌብ “ፍሬን” ብሎ ስም አወጣለት። አማኑኤል ሲሰጣቸው “የተሠራው ለወፍራም ገመድ ነው” ብሏቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ መሃል ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ላይ ያዘነበለ የግራቪሊያ ዛፍ ሊቆርጡ ሄዱ። ትልቁ ቅርንጫፍ ቆርቆሮውን እንዳይሰብር በወፍራሙ ገመድ ታሥሮ መውረድ ነበረበት። ለሰው የተረፈው ቀጭኑ ገመድ ነው። ደረሰ ፍሬኑን በቀጭኑ ላይ አድርጎ ተንጠለጠለ። ያዘው። ሁለት ጊዜ ሰውነቱን ናጠበት። አሁንም ያዘው።

ካሌብ ሳቀ። “ጋሼ፣ እርስዎን እኮ የልብስ ማስጫ ገመድም ይይዝዎታል! እኔ ከነመጋዜ መቶ ኪሎ ነኝ። እስቲ እኔም ልቅመሰው።”

“ታላቅ የቀመሰውን መድገም ከማን ተማርክ? ይልቅ ዝናቡ ሳይደርስብን ውጣ።”

“እሺ፣ እርስዎ ካሉ።”

ካሌብ በመሰላል ወጣ። ቅርንጫፉን ቆርጦ በደህና ካወረደ በኋላ ራሱ ሊወርድ ሙሉ ክብደቱን ፍሬኑ ላይ ጣለ። ቀጭኑ ገመድ በብረቱ ውስጥ ሾለከ። እጀታውን ቢለቀውም አልቆመም፤ ከላይ ወርዶ መሬት ላይ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ዐረፈ።

ለቅሶው ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች “የጌታ ፈቃድ ነው” አሉ። ሮማን ወንድሟን አቅፋ “አንተማ ቀምሰህለት ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ታደርግ” አለችው። ደረሰን የበላው ይህ ቃል ነው። ካሌብ ልቅመሰው ማለቱን ከእርሱ በቀር የሰማ ሰው የለም። ዝም ቢል እህቱ አለችው፤ ቢናገር ያጣታል። ሁለት ወር ይህን ተሸክሞ ከረመና እኔ ዘንድ መጥቶ አለቀሰ። “ለእኔ ነግረህ አይቀልልህም፤ ሂድና ለእርሷ ንገራት” አልኩት። ሌላ ምክር አልነበረኝም።

እሑድ ከጸሎት እንደተመለሰች ቤቷ ሄዶ ነገራት።

“ልሞክረው ብሎህ ነበር?”

“ብሎኝ ነበር።”

“አንተስ ምን አልከው?”

“ውጣ አልኩት።”

ሮማን ተነሥታ በሩን ከፈተች። “በል ሂድልኝ” አለችው። እስከ ዛሬ አልጠራችውም።

ደረሰ ከዚያ ወዲህ ዛፍ አልወጣም። በቅርቡ፣ ዕድሜ ልክህን ከሠራኸው ከሁሉ የሚበልጥብህ የቱ ነው ብዬ ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ።

“ስለ ገመድ ያወቅሁት ሁሉ በዚያች ቀን አልረዳኝም። ልቅመሰው ሲለኝ ክብሬን የነካ መሰለኝ። ከሁሉ የሚበልጠው ያኔ አፌን ዘግቼ ገመዱን ማቀበል ነበር፤ አላደረግሁትም። ለሮማን እውነቱን መንገሬ ቀጥሎ ይመጣል። ይቅር ማለትና አለማለት የእርሷ ነው። እኔ ግን ውሸት ይዤ ከእህቴ ማዕድ አልቀርብም።”