የተማሪዬ አባት ከጎናችን ጠረጴዛ

ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ባህል ምሽት ቤት የገባሁት፤ አዳማ ውስጥ። እንግሊዝኛ የማስተምረው ግን ዓለም ጤና በምትባለው ትንሽ ከተማ ነው። ስጨፍር ከታየሁ ተማሪዎቼ ትከሻቸውን እየነቀነቁ ይቀበሉኛል ብዬ ስለምፈራ፣ ሁለቱ ባልደረቦቼ «አዳማ ማን ያውቅሻል?» ብለው ነው ያሳመኑኝ።

ለስላሳዬን ሳልጀምር ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሽንኩርት ነጋዴ የሆኑት የአንዷ ተማሪዬ አባት ነበሩ። ወንበራቸውን ይዘው መጡና ከሙዚቃው በላይ እየጮኹ የወላጅ ስብሰባ ጀመሩ።

«ልጄ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ትናገራለች?»

«ጎበዝ ናት፤ ግን ታፍራለች» አልኳቸው።

«ብትሳሳትስ ምን ልትሆን ነው? በያት እንጂ ቲቸር!»

ይህን ሲሉ ከቤቱ ተወዛዋዦች አንዷ ፊቴ መጥታ እስክስታዋን ጀመረች። ተወዛዋዥ ፊቱ የቆመችበት ሰው ተነስቶ አብሯት መጨፈር አለበት፤ ደንቡ ነው። አባትየው ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። እምቢ ማለት አቃተኝና ተነሳሁ።

«አይዞሽ ቲቸር! እኔም አለሁ!» ብለው እሳቸውም ተነሱ። ሁለታችንም እስክስታ አንችልም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወሬው ሳይቀድመኝ፣ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ትናንት አዳማ ጨፍሬያለሁ፤ አልቻልኩበትም። ሰኞ እናንተ ደግሞ ቅዳሜ ያደረጋችሁትን፣ እየተሳሳታችሁም ቢሆን፣ በእንግሊዝኛ ትነግሩኛላችሁ።»