ፀሐይ ላይ የተሰጣ የቴፕ ድንጋይ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ጦር ሜዳ የለበትም፣ ትልቅ ሰውም የለበትም፤ ያለው አንድ ቴፕ፣ አንድ ካሴትና ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ነው። በዚህ ዕድሜዬ የማታ ትምህርት ገብቼ አንደኛ ዓመት ላይ ነኝ። በልጄ ዕድሜ ያለው መምህራችን «የምታውቁትን ጻፉ» ሲለን፣ ከማውቀው ሁሉ ቀድሞ የመጣልኝ ይህ ሆነ። ትናንት ጠዋት የቴሌቪዥኑ ሪሞት አልሠራ ቢለኝ ሁለቱን ድንጋዮች አውጥቼ መስኮት ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው። ልጄ አይታኝ «እማዬ፣ በርበሬ ነው እንዴ የምታሰጪው?» አለችኝ። ነካ ባደርጋቸው ሞቀዋል። ያ ሙቀት ነው ወደ ልጅነቴ ሰፈር፣ ወደ ፋሲሎ የመለሰኝ።

አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ጎረቤቶቻችንም ከየአገሩ ተሰባስበው በደመወዝ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። በግቢው ቴፕ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከጣና ማዶ የቁንዝላ ልጅ ናት፣ ክር ክፍል ትሠራ ነበር። ቴፑን አሰብ ወደብ ይሠራ የነበረ ወንድሟ ነው የሰጣት። እኛ ልጆቹ እትዬ እንላታለን፤ በሌለችበት ደግሞ ባለቴፗ ነበር ስሟ።

ቴፑን በመብራት የሚያሠራው የውስጥ ዕቃ አንድ ክረምት መብረቅ ወድቆ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ በድንጋይ ብቻ ሆነ። ድንጋይ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ኅብረት ሱቅ ሲመጣ አስቀድሞ የሚሰጠው ሌሊት ለሚዞሩት የአብዮት ጥበቃዎች የእጅ ባትሪ ነው። እነሱ ጨርሰው ሊጥሉት ሲሉ ለባለቴፗ ያቀብሏታል። እሷም እሑድ ጠዋት የአጥሩ ግንብ ላይ ትደረድረዋለች፤ ዶሮ እንዳይጥለው እኛ እንጠብቃለን። ከሰዓት በኋላ፣ የጣና ነፋስ የደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞ ሲነሣ፣ ሁሉም በርጩማውን ይዞ ይመጣል። ድንጋዩ ከነትኩሳቱ ይገባና ቴፑ ይከፈታል።

ካሴቶቹ ጥቂት ነበሩ። ከሁሉም የምንወደው ግን ከሌላ ካሴት የተገለበጠ፣ ስም ያልተጻፈበት ነው። አንድ ሰው በወፍራም ድምፅ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ ከሐይቅ ማዶ ያለች ሴት ይጣራል። ማን እንደሆነ አናውቅም። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት መሪጌታ ዘፈን ለመስማት ግቢያችን አይገቡም፤ ግን እሑድ እሑድ ወንበራቸው ወደ አጥሩ ይጠጋል። አንድ ቀን «ይህ ሰው በስሏል። እንደ ዕዝል ዜማ ከብዶ ነው የሚሄደው፤ የልጅ ችኮላ የለበትም» አሉ። ከዚያ በኋላ ዘፋኙ ሽማግሌ ናቸው ተባለና አንቱ ሆኑ። ድንጋዩ እየደከመ ድምፁ ሲንቀራፈፍ፣ ከእናቶች አንዷ «ዛሬስ ደክሟቸዋል፤ እስቲ ያሳርፏቸው» ትላለች። ባለቴፗም ትዘጋዋለች።

ዘፈኑን ከካሴቱ ላይ አጠናሁት። በቀበሌው ኪነት ስዘፍን አባቴ ደስ አይለውም ነበር። «ሰው በደመወዝ እንጂ በእልልታ አይኖርም» ይላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁ ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ ቡድን ሊመጣ ሆነ። የኪነቱ ኃላፊ ሰበሰበንና፣ በእንግዶቹ ፊት ከምንዘፍነው መካከል አንድ ሰው ለክፍለ ሀገሩ ኪነት ቡድን በደመወዝ እንደሚመረጥ ነገረን። ይህን ለአባቴ ነገርሁት። «ከመረጡሽ አልከለክልሽም። ካልመረጡሽ ግን ዘፈኑ እዚያው ይቀራል፤ ፋብሪካ ትገቢያለሽ» አለኝ። እሺ አልሁ። እንደሚመርጡኝ አልተጠራጠርሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የግቢያችን ሰዎች ከኋላ አንድ ረድፍ ይዘዋል። የሚያጅቡኝ እንግዶቹ ሙዚቀኞች ናቸው። የዘፈኑን መነሻ ስነግራቸው ፈገግ አሉ፤ ያውቁታል። ከበሮ መቺው ጀመረ። ሩጫ ነው። እኔ ግን ሽማግሌው እንዳስተማሩኝ፣ ቃሉን እየጎተትሁ ገባሁ። ከበሮው ጥሎኝ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ጥሎኝ ሄደ። የፊት ወንበሮቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ከኋላ የግቢያችን ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩ፤ እሑድ እሑድ እንደሚያጨበጭቡት፣ ቀስ ብለው። ያንን ይዤ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁ። ከበሮ መቺው እጁን አጣጥፎ ይጠብቀኝ ነበር።

ከመድረክ ስወርድ ከመራጮቹ አንዱ ለኃላፊያችን «ድምፅ አላት። ምት ግን አታውቅም» ሲለው ሰማሁ። የመረጡት ሌላ ልጅ ነው።

በመጨረሻ የቡድኑ ዋና ድምፃዊ ወጣ። ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። የዘፈነው ያንኑ ዘፈን ነበር፤ በቀጭን ድምፅ፣ ውሃ እንደሚያሳድደው እየተጣደፈ። አዳራሹ ተነሥቶ ጨፈረ። የእኛ ረድፍ ግን ተቀምጦ ቀረ።

«ምን አስቸኮለው? ዝናብ መጣበት?» አለች ባለቴፗ።

«የሽማግሌው ልጅ ይሆናል፤ መልኩ እንኳ የትልቅ ሰው ልጅ ይመስላል» አለች አጠገቧ ያለችው።

እኔ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌ የሚባል ሰው አልነበረም። የነበረው ቴፑን እያዘገመ ወጣቱን ያሸመገለው የጥበቃዎቹ ያለቀ ድንጋይ ነው።

በማግሥቱ እሑድ ድምፃዊው ኃላፊያችንን አስከትሎ ግቢያችን መጣ። «ይችን ልጅ ማን አስተማራት?» ብሎ ጠይቆ ኖሯል። ሰው ሁሉ ተነሣ። ባለቴፗ ሳጥኗን ከፍታ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ወረቀቱ ያልተቀደደ አዲስ ድንጋይ አወጣች። ለእንግዳ በግ እንደማረድ ነበር። ቴፑ ውስጥ አስገብታ ከፈተች፤ ካሴቱም የቅዳሜውን ሩጫ ሮጠ።

«ይህማ የትናንቱ ነው» አለ አንድ ሰው፣ ቅር ብሎት።

ድምፃዊው «እትዬ፣ አይቀየሙኝና እኔ የመጣሁት ልጅቷ የሰማችውን ልሰማ ነው» አለ።

ግንቡ ላይ የተሰጣው ድንጋይ ወረደ። ድምፃዊው አንዱን ተቀብሎ በመዳፉ ያዘው፤ «ይሞቃል» አለ። ቴፑ ሲከፈት አንገቱን ደፋ። ወፍራሙ ድምፅ ከሐይቅ ማዶ ያለችውን ሴት ተጣራ። ምንም የማያውቁት መሪጌታ ከአጥሩ ወዲያ «ተመስገን፣ ዛሬ ሽማግሌው በደኅና ናቸው» አሉ።

«ደኅና ነኝ አባ» አላቸው ድምፃዊው። ግቢው ሁሉ ሳቀ። መሪጌታ ወንበራቸውን ሲያሸሹ ተሰማ።

ከዚያ አብሬ እንድዘፍን ነገረኝ። ዘፈንሁ። እሱም ሊከተለኝ ሞከረ፤ ከራሱ ድምፅ ሥር ገብቶ ለመጎተት ቢታገል ትንፋሹ አልደርስ አለው። ተወውና አዳመጠ። ሲያበቃ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን ነበር።

«ይህን ለመዝፈን ማርጀት ያስፈልጋል። ልክ ስሸመግል እመጣና አብረን እንላታለን» አለኝ።

እኔ ፋብሪካ ገባሁ። ዘፈኑም አባቴ እንዳለው እዚያው ቀረ፤ እሑድ እሑድ ብቻ ከካሴቱ ጋር እለው ነበር። አዲሱን ድንጋይ ባለቴፗ ወደ ሳጥኑ መልሳ ቆለፈችበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ የማለዳ ተረኛ ሆኜ ለመውጣት ስለባበስ፣ ድምፃዊው ታሞ ማረፉን ሬዲዮ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ያሰማው አዳራሹን ያስጨፈረውን ዘፈን ነበር። ልጅ ሆኖ ነው የሞተው። የሽምግልናውን ድምፅ የሰማነው እኛ ብቻ ነን።

ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲቃረብ ባለቴፗ ወደ ቁንዝላ ልትሻገር ዕቃዋን ሸከፈች። ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ ድንጋዩን እንደ ልማዷ አሰጣችው። ጥቂት በርጩማዎች ብቻ መጡ። መዝፈን ጀምሬ ነበር፤ ግማሹ ላይ ድምፁ እየከበደ፣ እየራቀ ሄደ፤ እኔም አብሬው ቀስ አልሁ። መሪጌታ ከአጥሩ ወዲያ «ይብቃቸው፤ ያሳርፏቸው» አሉ።

ባለቴፗ ዘጋችው። የካቲት 1983 ዓ.ም. ነበር።