ጠባሳ የሌለው አውራ ጣት

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የነበረችኝን አንድ ክፍል ቤት ቀበሌው ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጠብኝ። «በገዛ ፈቃዱ አስረክቧል» የሚል ወረቀት ተጽፎ ከሥሩ የጣት አሻራ ተደርጎበት ነበር። እኔ አላስረከብኩም። አሻራውም የእኔ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ሰው አዝኖ ያመጣልኝ ነገር የለም። እንዴት እንደሆነ ይታወቅ ብዬ ነው።

ቤቷ የአንድ ባለሀብት ግቢ ውስጥ ካሉት አምስት ክፍሎች አንዷ ነበረች። የከተማ ቤት አዋጅ ሲወጣ ግቢው የቀበሌ ሆነ፣ ኪራዩም ቀነሰ። ያን ጊዜ ደስ እንዳለኝ አልክድም። ቤቷ የጭቃ ናት፤ መስኮቷ አንድ፣ ሽንት ቤቷ የጋራ። ቢሆንም ውጣ የሚለኝ ጠፋ ብዬ ነበር። አዋጁ ኪራይ ቀነሰ እንጂ ቤት እንዳልጨመረ የገባኝ ኋላ ነው። ከገጠር የሚገባው ሰው በየዓመቱ ይበዛል፣ ቤት የሚሠራ የለም፣ ማከራየት ክልክል ነው። ስለዚህ ክፍል የሚገኘው ከውስጡ ያለው ሰው ሲወጣ ብቻ ነበር። የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ ደግሞ «የተዘጋ ቤት» የሚለው ነገር ነበረው። ሰው የማይኖርበት ቤት ከተገኘ ወረፋ ለያዘ ይሰጣል። ደንቡ ሲወራ ደግ ይመስላል።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነበር። ፋብሪካ ሲሠራ ሲሚንቶ አቦካለሁ። ሳምንቱን ሠራተኛው የሚያድርበት የቆርቆሮ መጠለያ እሰነብትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቼ ደሴ እገባለሁ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ሲገባ እንደ አገሩ ልማድ እናቷ ዘንድ ልትወልድ ደሴ ዙሪያ ሄደች። የመጀመሪያ ልጇን ከእናቷ ቤት ውጭ የምትወልድ ሴት ሰው ይታዘባታል። ቁልፉን ግድግዳ ለምንጋራቸው አሮጊት ሰጠቻቸው። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ እስላም፤ በሥጋ ካልሆነ በስተቀር የምንለያይበት ነገር አልነበረም። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቴ መሄዱን ትቼ ወደ አማቴ መንደር እሄድ ጀመር። እንዲህ እንዲህ ብላ ቤቷ ሁለት ወር ያህል ተዘጋች።

የአራስነቱ አርባ ቀን ካለፈ በኋላ ሚስቴንና ልጄን ይዤ ስመጣ በሩ ላይ የማላውቀው ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ደጃፉ ላይ የማላውቃቸው ልጆች ልብስ ተሰጥቷል። የእኛ ሳጥንና አልጋ ቀበሌው አዳራሽ ጥግ ተቆልሏል አሉን።

«ቁልፉን ማን ሰጣቸው?» አልኳቸው አሮጊቷን።

«እኔ ነኛ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው አምጪ ሲሉኝ ምን ልበል፣ ልጄ?»

«ምን ሰጡዎት?»

«ምን ይሰጡኛል? በማርያም፣ የማውቀው ነገር የለም።»

«ማርያምን ከዚህ ያውጧት» ብያቸው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳኋቸው።

ቀበሌ የነበረው ጸሐፊ ወረቀቱን አወጣና አነበበልኝ፦ «ወደ ኮምቦልቻ ስለተዛወርኩ ቤቱን በገዛ ፈቃዴ አስረክቤአለሁ።» ማንበብ አልችልም ነበር፤ ማየት ግን እችላለሁ። የእኔ የቀኝ አውራ ጣት ሆዱ ላይ ማጭድ የሰነጠቀው ጠባሳ አለው። ወረቀቱ ላይ ያለው አሻራ ሙሉ ነው፤ ምንም አላቋረጠውም።

«ይኼ የእኔ ጣት አይደለም» ብዬ ጣቴን ፊቱ ላይ ዘረጋሁት።

«ጓድ፣ ጣት ጣት ነው። ቀለም ሲበዛ ጠባሳ ይደፍናል።»

«ቀለሙን አምጣና እንየው።»

«ቀለም የተገዛው ለሥራ ነው።»

ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰው «ይለካለት እንጂ፣ እንደ ጫማ» አለና አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ከአሻራው በላይ ጸሐፊው ያላነበባቸው ሁለት መሥመሮች እንዳሉ አይቻለሁ። «ያስ ምንድነው?» ስለው «ቀኑ ነው» አለኝ። ሁለት መሥመር ሙሉ ቀን! ወላሂ፣ መሃይም ብሆንም ቀን ያን ያህል እንደማይረዝም አውቃለሁ።

ኮምቦልቻ ወርደን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ደባል ሆንን። ክፍሉን በመጋረጃ ከፈልነው። ወዲያ እነሱ፣ ወዲህ እኛ። ልጄ ሲያለቅስ የእነሱ ልጅ ይነቃል፤ እነሱ ሲጣሉ እኛ እንሳቀቃለን። በዚያ ዓመት የሰው ፊት ማየት ተውኩ፤ የማየው አውራ ጣት ነበር። የኮሚቴውን ሰዎች፣ የገዛ ወንድሜን፣ ቤቴ የገባውን ሸማኔ ሳይቀር ጣታቸውን አየሁ። ሸማኔውን ሰላም ልለው ሄጄ እጁን ጨብጬ አገላበጥኩት። ሰውየው ንክ ነው ብሎ ሳይጠረጥረኝ አልቀረም። አሮጊቷን ግን ላያቸውም አልፈለግኩም፤ ቁልፉን ሸጠዋል ብዬ ጨርሻለሁ። ሚስቴ «ተወው፣ አላህ ይፈርዳል» ስትለኝ በፍርሃቷ እናደድ ነበር።

ቀደም ብሎ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ አምልጬ ነበር። አሁን ግን ራሴ ሄጄ ተመዘገብኩ። የሚያስተምረን የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ «ለአብዮቱ ነው የምትማሩት» ይለን ነበር። እኔ የምማረው ለሁለት መሥመር ነበር። ሥራ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ሳይቀር አነብ ጀመር። ፊደሉን ለይቼ ቃል መግጠም ስጀምር አንድ ቅዳሜ ሐረጎን ወጣሁና ቀበሌ ገብቼ ፋይሌን ጠየቅሁ። ጸሐፊው ማን ያነብልሃል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰጠኝ።

ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ፦ «ባሌ በሥራ ምክንያት ስላልተገኘ እኔ ሚስቱ ስለ እሱ ሆኜ ፈርሜአለሁ።»

ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። መሳሳት የፈለግኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ ስደርስ ሚስቴ ደጅ ላይ የልጁን ጨርቅ ታጥባለች።

«እጅሽን አምጪ» አልኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችም። በቀሚሷ አደራርቃ ሰጠችኝ። የሁሉን ሰው ጣት ሳይ ከርሜ የእሷን አንድ ቀን አላየሁም።

«ማን አስፈረመሽ?»

«ከኮሚቴው አንዱ። ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ መጣ። ለፋብሪካ ሠራተኛ ኮምቦልቻ ሁለት ክፍል ሊሰጥ ነው፣ ባልሽ እንዲመዘገብ ጣትሽን አድርጊ አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲሰጡህ ድንገት እንድትሰማው ብዬ። አንድ ላይ እንኖራለን ብዬ ነው። ኋላማ በሰው ሁሉ ላይ ጥርስህን ስትነክስ እያየሁ በምን አፌ ልንገርህ?»

ወዲያው ይቅር አልኳት ብል ውሸት ነው። ከሰውየው ጋር ተመካክራ ይሆን ብዬ እሷንም ጠርጥሬያለሁ። ስንት ቀን እንደጠረጠርኳት መጻፍ ያሳፍረኛል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሮጊቷ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ «አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው።

«በማርያም ምዬልህ ነበር።»

«የጠረጠርኩት ማርያምን ሳይሆን እርስዎን ነው።»

ሳቁ። «እሱስ እውነትህን ነው። ግባና ተቀመጥ።»

የሆነውን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያን ቀን እኔ እዚሁ ተቀምጫለሁ። ይኼ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ሳልህ እንኳ ይሰማኛል። የሁለት ክፍል ወሬ ሰማሁ። የማስረከብ ወሬ አልሰማሁም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ምን ሰጡዎት አልከኝ እንጂ ምን ሰሙ አላልከኝም።»

ዓመት ሙሉ የፈለግኩት ምስክር ከግድግዳዬ ማዶ ተቀምጦ ነበር። ሰላምታ የነሳሁት እኔ ነኝ።

ማመልከቻዬን ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ፊደሉ ተንጋዶ ነበር፤ ነገሩ ግን አልተንጋደደም። ቤቱ የተመዘገበው በእኔ ስም ነው፤ ወረቀቱ ራሱ የፈረምኩት እኔ እንዳልሆንኩ ይናገራል፤ ያልኩት ይህንን ነው። የኮሚቴው ሰው ቀርቦ «ለሴትየዋ አንብቤላታለሁ» አለ። አሮጊቷ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ።

«ምን ብለህ ነው ያነበብክላት? እኔ የሰማሁትን ልድገምልህ?»

ሰውየው ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ቤቴን ለምን እንደፈለገ፣ ሸማኔው ዘመዱ ይሁን አይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። እጠረጥራለሁ፤ ማስረጃ የለኝም።

ሸንጎው ወረቀቱ አይጸናም ብሎ ወሰነ። ሸማኔውን ከነልጆቹ ማስወጣት ግን ሌላ በደል ነው አሉ። ወረፋውን ጠብቆ የገባ ሰው ነበር፤ እኔም ይውጣ አላልኩም። እዚያው ግቢ ጀርባ ባለሀብቱ እህል ያኖርበት የነበረ ክፍል ለእኛ ተሰጠ። መስኮት የለውም፤ ራሴ አወጣለታለሁ አልኩ።

«ሌላ የምትለው አለ?» አሉኝ ዳኛው።

«አለ። ከእንግዲህ ቤት የማስረከቢያ ወረቀት ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ጎረቤት ባለበት፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ጣት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ይሁን።»

«እንዲህ ያለ ደንብ የለም።»

«ይኑራ።»

ሦስቱ ዳኞች ተያዩ። አንደኛው «ምን ይጎዳል?» አለና አስጻፈው። ሌላ ቀበሌ ሠርተውበት እንደሆነ አላውቅም። እኛ ግቢ ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የመረከቢያው ወረቀት ሲቀርብልኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አራተኛውን ለሚስቴና ለአሮጊቷ ጮክ ብዬ። ጸሐፊው «ጓድ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ።

«ይጠብቅ። እኔም ጠብቄያለሁ።»

ስሜን ጻፍኩ። ሚስቴ ከጎኑ ጣቷን አሳረፈች። ቀኑን ጸሐፊው ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሳ ተቀበልኩትና ራሴ ጻፍኩት። ከግማሽ መሥመር አልበለጠም፦ መጋቢት 19 ቀን 1976 ዓ.ም.