ኬሚካል የሌለበት ግቢ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ ልጄ ብሌን «ወፌ ቆመች» በምትባልበት ሰሞን ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ልጄን የጎዳት ሰው ከማንም በላይ የሚወዳት ሰው ስለነበረ ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቀን ቀን ብሌንን የሚይዙልኝ እዚያው ግቢ የሚኖሩት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ናቸው። የሌሎች ሠራተኛ እናቶችንም ልጆች ይይዛሉ። ልጅ ሲያለቅስ መስማት አይችሉም። ልጆቹ ሳይጠግቡ እሳቸው አይቀምሱም።

በዚያ ሰሞን አንዲት የጤና ጣቢያ ሲስተር ወደ ግቢያችን መጣች። ከትናንሽ ልጆች ሽንትና ደም እየተወሰደ፣ ሰውነታቸው ውስጥ ጎጂ ኬሚካል መኖር አለመኖሩን መከታተል እንደተጀመረ ነገረችን። ልጅ ወለል ላይ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ስለዚህ ከትልቅ ሰው ይልቅ እሱ ይጎዳል አለችን። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረች «ቤት ውስጥ ኬሚካል ትጠቀማላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም የለም አልን። እትዬ አስካለማ ተቆጡ። «ኬሚካል? እኔ ቤት? ሕፃን የሚያድግበት ቤት ውስጥ?» አሏት።

ያን ዕለት ከግቢያችን የብሌንን ሽንትና ደም ለምርመራ ወስዳ ነበርና፣ ውጤቱ ሲመጣ ጤና ጣቢያ ተጠራሁ። ብሌን ሰውነት ውስጥ የተባይ ማጥፊያ ተገኝቷል፤ መጠኑም ለሷ ዕድሜ ያሰጋል ተባልኩ። ልጄ ጤነኛ ትመስለኝ ነበር። እንቅልፏ ይቆራረጣል፣ ለሃጯም በዝቶ ነበር፤ ጥርስ ልታበቅል ነው ብለን ችላ ብለነዋል። ሲስተር «ከየት እንደሚደርስባት ካላወቅን ልንረዳት አንችልም» አለችኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ከፋብሪካ ይዤባት የምመጣ መሰለኝ። ልብሴን በር ላይ ሳልቀይር፣ በዚያ ብርድ በቀዝቃዛ ውኃ ሳልታጠብ አላቅፋትም አልኩ። እሷ እጇን ዘርግታ ስታለቅስ እኔ ሳሙና እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «ልጅቷን ልትስሚ ነው ወይስ ቀዶ ጥገና ልትገቢ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ይሹፍ። ግን ሁለተኛው ምርመራም ያው ሆነ።

እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝ። የምትጠጣውን ውኃ ቀየርኩ፣ መጫወቻዎቿን ጣልኩ፣ የግድግዳውን ቀለም ሳይቀር ፋቅኩ። ሳላገኘው አልተኛም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ከሥራ በጊዜ ተለቀቅን። ግቢ ስገባ እትዬ አስካለ ልጆቹ የሚተኙበትን አጎዛ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያራግፋሉ። ገጠር፣ መዘዞ ካለው ወንድማቸው ቤት የመጣ ትልቅ የበግ ቆዳ ነው፤ ልጆቹን እንዳይበርዳቸው ብለው ያነጠፉላቸው። አራግፈው ሲጨርሱ ከፌስታል ውስጥ ነጭ ዱቄት ቆንጠር እያደረጉ ይነሰንሱበት ጀመር።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ?» አልኳቸው።

«መድኃኒት ነዋ። የቁንጫ። ወንድሜ ለበጎቹ የሚያደርገው ነው፤ ለኔም ይልክልኛል።»

«ኬሚካል የለም ብለው አልነበረም?»

«የለም አልኩ እኮ። ይሄ መድኃኒት ነው።»

አልዋሹም። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ለሚያድነውም ለሚገድለውም ያለን ቃል አንድ ነው። ኬሚካል ሲባል ለእትዬ የሚታያቸው የፋብሪካ ጭስ ነበር። ብሌን ግን ቀኑን ሙሉ የምትንከባለለው እዚያ ዱቄት ላይ ነው። የአጎዛውን ፀጉር እየነጨች አፏ ውስጥ ስትከት ስንት ጊዜ አይቼ ስቄያለሁ።

ልጄን አንስቼ እየሮጥኩ ሲስተር ዘንድ ሄድኩና ነገርኳት። ያልኳትን መዝገቧ ላይ ጻፈች። ከዚያ «እኔም ቤት አለ» አለች። «የበረሮ መድኃኒት ነው የምለው። ጠያቂዋ ራሴ ሆኜ ትዝ አላለኝም።»

«እንግዲያው እንደገና እንጠይቅ፤ እኛ በምንጠራው ስም» አልኳት። በነጋታው ከሥራ አስፈቅጄ አብሬያት ዞርኩ። «የቁንጫ መድኃኒት አላችሁ? የነቀዝ? የትኋን?» ስንል፣ የለም ያሉት ቤቶች ያወጡልን ጀመር። ከአልጋ ሥር፣ ከእህል ጆንያ መሃል፤ አንዷማ ከልጇ ጡጦ ጎን አነሳችው። አንዲት ጎረቤታችን ግን «ልታስከስሺን ነው?» ብላ በሯን ዘጋችብኝ። ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ። እስክትከፍት ድረስ አልተነሳሁም።

ከሁሉ የከበደኝ የእትዬ አስካለ ነገር ነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን ወሰዱባቸው። አጎዛውንና ዱቄቱን ሲስተር አስወገደችው። እትዬ ባዶ ወለል ላይ ተቀምጠው «እንዳይነክሳቸው ብዬ እኮ ነው። በእጄ ነው የነሰነስኩት» ይላሉ ደጋግመው። ተናድጄባቸዋለሁ፣ አንጀቴንም በልተውታል። ወለሉን አብሬያቸው በሳሙና አጠብኩ። በማግስቱ ጠዋት ብሌንን ወስጄ እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጥኳት። በነጠላቸው ጠቅልለው ተቀበሏት። ሌሎቹ እናቶች ይህን ካዩ በኋላ አንድ በአንድ ተመለሱ።

የብሌን ውጤት እየወረደ መጥቶ አሁን ምንም የለባትም። ሲስተር ግን የግቢውን ልጆች እየመጣች ትመረምራለች፤ ስትዘገይ ሄጄ የምጠራት እኔ ነኝ። ጨቅጫቃ ብትለኝም ግድ የለኝም።

አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ያ ቃል ነው። ገበያ ውስጥ «የቁንጫ መድኃኒት!» እያለ የሚጣራ ሻጭ ካጋጠመኝ ዝም ብዬ አላልፍም። «መርዝ በለው» እለዋለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ባለፈው ቅዳሜም ሻጩ እንደልማዱ ስቆብኝ ጥሪውን ሲቀጥል፣ ከኋላዬ አንድ የተቆጣ ድምፅ «መርዝ በለው ስትልህ አትሰማም?» አለው። ዞር ስል እትዬ አስካለ ናቸው፤ ብሌንን አዝለዋታል።