በአሻጋሪው ላይ የቀረበ ሂስ

በ1979 ዓ.ም. በበልግ፣ ጂንካ በጭቃ በተያዘችበት ሰሞን፣ ስለ አንዲት የኪስ ጨዋታ ሂስ ጽፌ ወንድሜን አሳሰርኩት። አሳስሬው ግን አልቀረሁም፤ አስፈታሁት።

ነገሩን ያስታወሰኝ የልጄ ስልክ ነው። ሰላም ሐዋሳ ነው የምትሠራው። ከሥራ ስትመለስ ስለ ጌም ኢንተርኔት ላይ ትጽፋለች፤ የትኛው በደንብ እንደተሠራ፣ የትኛው እንደሚጎድለው። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስመለስ ደወለች። ድምፅዋ ደስ አላለኝም።

"እማዬ፣ ሥራ ቦታ ሳቁብኝ። ጌም ደግሞ ጥበብ ነው እንዴ ሂስ የሚጻፍለት አሉኝ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ ሰው ኖሮም አያውቅም አሉ።"

"ኖሯል" አልኳት።

"ማን?"

"እኔ።"

ከት ብላ ሳቀች። "እማዬ ደግሞ! ጂንካ? በደርግ ጊዜ?"

"አዎ። ስልክሽ ሂሳብ ካለው ስሚኝ።"

ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል ጤና ረዳት ነበር። በዚያ ዓመት ለክትባት ኮልቾ ተላከ። እዚያ ከኦሞ ወንዝ በላይ ካለው መንደር ውስጥ አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ በወባ ወድቆ አገኘና አስታመመው። ሰውየው ሲድን የሚሰጠው ቢያጣ ከኪሱ አንዲት ነገር አውጥቶ ሰጠው። ከመዝሙር መጽሐፋችን የምታንስ፣ ፊቷ መስታወት የሆነ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ቁልፍ ያላት መጫወቻ ነበረች። ዳንኤል ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ካኮ ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አደረ። ተሳፋሪው ሁሉ እሷን ከቦ ዝናቡን ረሳው ብሎ አወራን።

መስታወቷ ላይ ወንዝ አለ። ከወዲህኛው ዳር ሰዎች ቆመዋል። አንድ ሰው በጀልባ እየመጣ አንድ አንዳቸውን ወደ ማዶ ያሻግራል። መሐል ላይ አዞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አፉ ሲከፈት ጀልባውን ማቆም፣ ሲዘጋ ማሳለፍ ነው፤ ሌላ የለውም። ሰው በደረሰ ቁጥር ጢጥ ብላ ነጥብ ትቆጥራለች። እየቆየ አዞው ይፈጥናል፤ ሰዎቹም ይበዛሉ። እኛ ቤት ስሙን አሻጋሪው አልነው።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጎደሬ ቀቅለን እየበላን ዳንኤል ሲጫወት እናቴ ከትከሻው በላይ አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ በቋንቋችን በአሪኛ "ይህ ሰውዬ መቼ ነው የሚያርፈው?" አለች።

"አያርፍም እማ። አዞው እስኪበላው ድረስ ነው።"

"ምስኪን" አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። ፊቷን አየሁት። የምሯን ነበር ያዘነችለት።

በዚያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጡን። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን አዲስ ቴአትር አሳይቶ ነበርና በእሱ ላይ ሂስ እንድንጽፍ አዘዙን። ጥሩው ጽሑፍ በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ፣ ኪነት በሚለው ዓምድ ሥር ይለጠፋል። እኔ ቴአትሩን አላየሁም። የታየው እሑድ ጠዋት ነው። የጸሎት ቤታችን በዚያ ጊዜ ታሽጎ ስለነበር እሑድ ጠዋት ቤታችን ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር። ለመምህሩ ምክንያቱን ሳልናገር ሌላ ሥራ ላይ መጻፍ እችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ምክንያቱን ሳይጠይቁኝ "ሰው አስቦ የሠራው ይሁን እንጂ የፈለግሽው ላይ ጻፊ" አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ያወቁ ይመስለኛል።

እኔም ጻፍኩ። እስካሁን በቃሌ ነው።

"በአሻጋሪው ላይ የቀረበ ሂስ። አሻጋሪው ሰዎችን ወደ ማዶ ያሻግራል። ወንድሜ ከኮልቾ ይዞት መጣ። መሣሪያ የለውም። አዞውን መግደል አይችልም፤ የሚችለው ሰው ማሻገር ብቻ ነው። አንዱን አድርሶ ሲመለስ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። አያልቅም። እናቴ መቼ ነው የሚያርፈው ብላ አዘነችለት። በዚህች ትንሽ መስታወት የሰው ሆድ ማባባት የቻለ ሠሪ ጥበበኛ ነው። ጉድለትም አለው። ተሻጋሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እናት ከልጅ አይለይም። ይህ ታስቦበት ቢሆን መልካም ነበር።"

መምህሩ አንብበው ፈገግ አሉ። ዓርብ ዕለት በዱቄት ሙጫ ተለጠፈ።

እዚህ ላይ ያን ዘመን ላላየ ሰው ሁለት ነገር ልንገር። ሂስ የሚለውን ቃል እኛ ከክፍል ውስጥ ነው ያገኘነው፤ በስብሰባ ላይ ግን ሂስ የሚቀርበው በሰው ላይ ነበር። ሂስ የቀረበበት ሰው ተነሥቶ መልስ ይሰጣል፤ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ሲከፋም ይታሰራል። አሻጋሪ የሚባለውም ያኔ የታወቀ ሰው ነው፤ ከዘመቻ የሸሸውን ወጣት በበረሃ አሳልፎ ኬንያ የሚያደርስ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በእኛው አውራጃ ያልፋል።

እንግዲህ በግድግዳው ላይ የተጻፈውን በዚያ ዓይን አንብቡት። በአሻጋሪው ላይ የቀረበ ሂስ፤ ሰዎችን ወደ ማዶ ያሻግራል፤ ወንድሜ ከኮልቾ ይዞት መጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳንኤልን ከክሊኒኩ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ወሰዱት። ኪሱ ሲፈተሽ የተገኘችው መጫወቻም ተወሰደች። ጽሑፌም ከግድግዳው ተነሣ። አንድ ሰው በዚያ ጥርጣሬ ወደ አርባ ምንጭ ከተላለፈ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ተነሣች። ጎደሬውን በኮባ ጠቅልላ ነጠላዋን ለበሰች። "ነይ፤ የጻፍሽውን አንቺ አስረጂያቸው" አለችኝ።

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ስብሰባውን የሚመራው የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ታምራት ነው። ገና ወጣት ነው፤ በኪነት ቡድኑም ውስጥ ክራሩ የሱ ነበር። ዳንኤል ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። መጫወቻዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ማንም ሊነካት አልደፈረም።

"ጓዲት አስቴር፣ አሻጋሪው ማነው?"

"ሰው አይደለም።"

"ሰው ካልሆነ በምን ያሻግራል?"

"በጀልባ።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ታምራት ጠረጴዛውን መታ።

"ማዶ የደረሱትን ማን ይቀበላቸዋል?"

"ማንም። ነጥብ ይሆናሉ።"

"ነጥብ ይሆናሉ?"

"እዚያው ጠረጴዛው ላይ አለልዎት። በቀኝ በኩል ያለውን ይጫኑ።"

ዞር ዞር ብሎ አየና ተጫነ። ጢጥ አለች። አንዱ "ራዲዮ ነው! መገናኛ ነው!" ብሎ ጮኸ። ታምራት ወደ ጆሮው አስጠጋት፤ ከዚያ ወደ ዓይኑ። ጀልባው ሄደ። ወንበር የገፉ ሰዎች ዙሪያውን ከበቡት።

"አዞ ነው! አቁም፣ አቁም!"

"በላው!"

"እኔ ልሞክር፣ ጓድ።"

"ተቀመጥ አንተ!" አለ ታምራት። እንደገና ጀመረ። ቀና ሳይል ጠየቀኝ። "ጠላት የተባለው አዞው ነው?"

"አዎ።"

"በምንድነው የሚደመሰሰው?"

"አይደመሰስም።"

"መሣሪያው የቱ ጋ ነው?"

"የለም። ማሻገር ብቻ ነው።"

ታምራት መጫወቻዋን አስቀመጠና ልብሱን አስተካከለ። በሰው ሁሉ ፊት መሳሳቱ እንዳናደደው ያስታውቅ ነበር።

"እሺ። አሻጋሪ የለም፤ የልጆች መጫወቻ ነው። እንግዲያው ጥፋቱ የማነው? ኪነት በሚለው ዓምድ ሥር መጫወቻ ለጥፈሽ ማኅበሩን አሳስተሻል። ግለ ሂስ አድርጊ። 'ጨዋታ እንጂ ኪነት አይደለም፣ ተሳስቻለሁ' በይና ፈርሚ፤ ወንድምሽን ይዘሽ ግቢ። እምቢ ካልሽ ጉዳዩ ለበላይ ይተላለፋል።"

ዳንኤል በዓይኑ ለመነኝ። በይና እንሂድ ነው የሚለው። እናቴ በሩ ጋ ጎደሬዋን እንደታቀፈች ቆማለች። አንድ ቃል ነበር የተጠየቅኩት። ግን የጻፍኩት እውነት ነበር፤ እናቴ ያዘነችውም የእውነት ነበር። በልቤ ጌታ ሆይ ቃል ስጠኝ አልኩ። ሰጠኝ። ያውም አዲስ ቃል አይደለም፤ ታምራት ራሱ የተናገረውን ነው የሰጠኝ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ።"

"በአብዮት በዓል ዕለት መድረኩ ላይ ምን ሲያደርጉ ነበር?"

"ክራር ነዋ።"

"ክራር ምን?"

"ክራር ስጫወት…" አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

"ያለፈውን ሳምንት ቴአትርስ፣ ቡድናችን አይደለም የተጫወተው?"

ሰው ሁሉ ወደ ታምራት ዞረ።

"ጨዋታ ነው ብዬ እፈርማለሁ" አልኩ። "ጨዋታ ስለሆነ ኪነት አይደለም ብዬ ግን አልፈርምም። እኔ እንዲያ ብዬ ከፈረምኩ የእርስዎም ክራር አብሮ ይወድቃል።"

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም። "ታምራት፣ በል ክራርህን አስረክብ!" የሚል ድምፅ ግን ከኋላ መጣ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳንኤል እንኳ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ታምራት ከንፈሩን ነክሶ ሊቆጣ ሞከረ፤ አቃተው። እሱም ሳቀ።

"ጤና ረዳቱ ይሂድ" አለ በመጨረሻ። "ዕቃው ግን እዚህ ይደር። ይጣራል።"

በአውሮፕላን ሜዳው አቋርጠን ወደ ቤት ገባን። ሣሩ ረጥቦ፣ ላሞቹ ዝናቡን ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆመዋል። ዳንኤል ጎደሬውን እየሄደ በላ። እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር። ደጃፋችን ስንደርስ ብቻ "ተመስገን" አለች።

ሰላም በስልኩ ውስጥ እስከዚህ ሳታቋርጠኝ ሰማች።

"እና እማዬ፣ ያኔ ያመንሽበትን አሁንም ታምኛለሽ?"

አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ስልካቸውን ከእጃቸው ቀምቼ ተኙ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። ጨዋታ ሁሉ መልካም ነው አልልም፤ መጽሐፍም ሁሉ መልካም አይደለም። ነገር ግን እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ጥበብ የሚገባበትን ዕቃ አይመርጥም። አንዱ በክራር ይጫወታል፣ አንዱ በቃል፣ አንዱም በመስታወት ላይ ባለች ጀልባ። ከሁሉም አንድ ነገር ነው የምፈልገው፤ ያየው ሰው ለሌላ ሰው ልቡ መራራቱን። ይህን ያደረገ ሥራ ሂስ ይገባዋል፤ ጉድለቱ ጭምር ሊነገረው ይገባል። አገራችን ለዚህ ሁሉ ጨዋታ የሚል አንድ ቃል መስጠቷን አመሰግናለሁ። ለልጄም ይህንኑ አልኳት፤ የሚስቁብሽን 'ክራር ምን ይደረጋል?' ብለሽ ጠይቂያቸው አልኳት።

"ከዚያስ?" አለች። "ተጣራ?"

ተጣራ እንጂ።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ ገና ሳይነጋጋ ታምራት አጥራችን ጋ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል። በአንድ እጁ መጫወቻዋን፣ በሌላው ጽሑፌን ይዟል።

"አያልቅም እንዴ ይሄ ነገር?" አለኝ።

"አያልቅም ብዬ ጽፌአለሁ።"

"ትናንት ያነበብኩት መጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሌላውን ያነበብኩት ባትሪው ካለቀ በኋላ ነው።" መስታወቷን አየሁ። ባዶ ነበር። ያን ዓይነት ባትሪ ጂንካ ቀርቶ አርባ ምንጭም አይገኝም ነበር። አላዘንኩበትም፤ አሳዘነኝ እንጂ። እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስጨንቀው። "ጉድለት አለው ያልሽው ላይ አልስማማም። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ወደ ኋላ ላይ የምትመጣዋ በጀርባዋ ልጅ አዝላለች። ልብ ብለሽ አላየሽም።"

"አላዘለችም።"

"አዝላለች አልኩሽ! አንቺ እዚያ አልደረስሽም።"

ወረቀቱን ተቀበልኩት። በዝግታ የዘመርነውን ዘምረን፣ ጸልየን ስናበቃ ትንሽ ዱቄት በውሃ በጠበጥኩና ወደ ቀበሌው ሄድኩ። ጽሑፉን ከነበረበት ቦታ፣ ኪነት ከሚለው ቃል ሥር፣ መልሼ ለጠፍኩት። አንድ ቃል አልቀየርኩም። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበት፤ ከጎኑም ለታምራት መልስ የሚበቃ ባዶ ቦታ ተውኩ።