የዌንደል ኦስትራንደር የፊት ክንፍ

ዌንደል ኦስትራንደር ከሞት የተረፈው በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ጥጥ እርሻ መሀል ባንዲራ ይዞ በቆመበት ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ ሸለቆ ፀረ ተባይ የሚረጩት አውሮፕላኖች የረጩትንና ያልረጩትን መስመር የሚያሳያቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ባንዲራ ያዡ ከማሳው ጫፍ ቆሞ ያውለበልባል፤ አውሮፕላኑ በአናቱ ላይ ካለፈ በኋላ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ እንደገና ያውለበልባል። ፈቀቅ ለማለት የዘገየ በመርዙ ይታጠባል። ዌንደል በዚያ በጋ ደጋግሞ ታጥቧል። አንድ ቀን ጠዋት ዓይኑ ደበዘዘ፣ ምራቁ አልቆም አለ፣ ጉልበቱ ከዳውና ጥጡ መሀል ወደቀ። አብራሪው ባንዲራው ሲጠፋበት ጊዜ እርጭቱን ትቶ የእርሻው መንገድ ላይ አረፈና አነሳው። ሐኪም ቤት ሰንብቶ ከስቶ ወጣ። እናቱ ከዚያ ወዲያ በቤቷ ስለ አውሮፕላን እንዳይነሳ ከለከለች።

እኔ ያወቅሁት ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሞሃቬ በረሃ ዳር ባለችው በትንሿ የአውሮፕላን ሜዳችን የእሱ ሃንጋርና የእኔ ሃንጋር፣ የአውሮፕላኖቻችን ማደሪያ፣ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ዌንደል የመስኖ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ውሎ ማታ የሚያርፍ ሰው። ዕድሜው አርባን አልፎ ሳለ ነው የአሠራር ንድፉን በፖስታ አስመጥቶ የራሱን አውሮፕላን መሥራት የጀመረው። እኛ ሜዳ ላይ የሚወደደውን ዓይነት ነው የመረጠው፤ ትንሿ ክንፍ ከፊት፣ ትልቁ ክንፍና ሞተሩ ከኋላ። የማያውቅ ሰው ሲያያት ወደ ኋላ የምትበር ይመስለዋል።

የምትሠራው ከደረቅ ፎምና ፋይበር ግላስ ከሚባለው የብርጭቆ ክር ጨርቅ ነው። ፎሙ በጋለ ሽቦ ተቆርጦ የክንፍ ቅርጽ ይይዛል፣ ጨርቁ በላዩ ይነጠፋል፣ ሙጫ ይፈስበታል፣ አረፋው በጎማ መጥረጊያ ተገፍቶ ይወጣል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። የሚበዛው ሥራ መፈግፈጉ ነው። ሰው አውሮፕላን እሠራለሁ ብሎ ይነሳና ዓመታቱን ሲፈገፍግ ያሳልፋል። ትዳራቸው በዚያ አቧራ የፈረሰ ሰዎች አውቃለሁ።

የዌንደልን ትዳር አላፈረሰውም፤ ሌላ ነገር ግን መጣ። የፊት ክንፉን እየሠራ ሳለ ሙጫው ተጣላው። እጁ እስከ ክንዱ አበጠ፣ ዓይኑ ተከደነ። ጓንት ቢደርብ፣ ጭንብል ቢያጠልቅ አልሆነም፤ ሽታው ከሩቅ ሲደርሰው ፊቱ ይቀላል። ሥራውን መሀል ላይ ጥሎ ወጣ። ሚስቱ ኦፓል የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መሰላል ላይ መውጣት እንኳ የሚያስፈራት ሴት ናት። እሱ ይሠራበት የነበረው የቤታቸው ጋራዥ በር ላይ ቆማ ያልተጨረሰውን ክንፍ አየችና፣ ጨርቅ እንደሆነ ጨርቅ ነው፣ ነገ ከመድረቁ በፊት አንድ ሰው ይጨርሰው ብላ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀረውን አውሮፕላን የሠራችው ኦፓል ናት። ዌንደል ሞተሩን፣ ሽቦውንና ፍሬኑን ያዘ።

በረሩባት። ከሃያ ዓመት በላይ በረሩባት። ሰው የሚያየው መብረሯን ነው፤ እኔ ግን ያየሁት ሌላውን ነው። በየዓመቱ ሁሉንም ክዳን ፈትቶ መመርመር፣ አልታጠፍ የሚል የፊት ጎማ፣ የሚሰነጠቅ ጭስ ማውጫ፣ ላልቶ የወጣ ብሎን ከኋላ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር እንዳይመታ እያንዳንዱን በእጅ መዳሰስ። ዌንደል እያረጀ ሲሄድ ከአውሮፕላኗ ሥር ወጥቶ ለመነሳት ግድግዳ መያዝ ጀመረ። የኦፓል ጣቶችም ደረቁ። ልጃቸው ኦሪገን ናት፤ ኑና አጠገቤ ኑሩ ትላቸዋለች። ኦፓል አንድ ቀን፣ ወይ ትሸጥ ወይ ትቆረጥ፣ እኔ ከዚህ በኋላ አልችልም አለች። መቆረጥ ስትል የምሯን ነው። እኛ ዘንድ እንደዚያ የሚያደርጉ ሽማግሌዎች አሉ፤ በገዛ እጄ የሠራሁት ሰው ይገድልብኛል ብለው ፈርተው ክንፉን በመጋዝ ቆርጠው ይጥሉታል።

ገዢ ሆና የመጣችው ራሞና ኤስኮቬዶ ናት፤ የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳ፣ የአብራሪነት ፈቃድ ያላት፣ ጎልማሳ ሴት። ሃንጋሩ ስትገባ አውሮፕላኗ እንደ ልማዷ የፊት ጎማዋን አጥፋ፣ አፍንጫዋን መሬት ላይ ደፍታ ተንበርክካ ነበር።

“ሚስተር ኦስትራንደር፣ አውሮፕላንዎ ከእኔ የበለጠ ትጸልያለች” አለችው።

“ፊት ወንበሯ ላይ ሰው ካልተቀመጠ ወደ ኋላ ትገለበጣለች። ለዚያ ነው።”

“እኔም ቡና ሳልጠጣ እንደዚያው ነኝ።”

ዌንደል ሳቀ፤ ከከረመ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሴትዮዋ ኋላ ወንበሩን እየነካካች ውቅያኖሱ ዳርቻ ባለ ኮሌጅ ስለምትማር ልጇ አወራችው። በየበዓሉ ሄዳ በዚህች ልታመጣት ነው ያሰበችው።

እኛ ጋ ሲሸጥ ሻጩ በገዢው ፊት ክንፉን በሳንቲም ያንኳኳል። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጨርቁ ከሥሩ የለቀቀበት ቦታ እንደ ተመታ ካርቶን ጥፍ ይላል። ዌንደል ትልልቆቹን ክንፎች አንኳኩቶ ጨርሶ ወደ ፊተኛዋ ሲመጣ የራሞና ስልክ ጮኸና ወደ በሩ ወጣች። እሱ አላቋረጠም። ከመሀሏ አለፍ ብሎ ጥፍ አለ። መልሶ መታው። ጥፍ አለ። ሳንቲሙን ኪሱ ከተተና ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ሰምቻለሁ። መስማቴንም አውቋል። ክንፉ የእሱ ነው፣ ቃሉም የእሱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ራሞና ተመልሳ ስትገባ ሁሉም ደህና ነው ወይ አለች፤ እሱ እጁን ዘረጋላትና ተጨባበጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልትወስዳት ተስማሙ።

በሳምንቱ መሀል ወደ እኔ ሃንጋር መጣና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ምናልባት ከላይ የተለቀለቀው ማለስለሻ ብቻ ይሆናል የለቀቀው አለ። ሊሆን ይችላል አልኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክማናለች አለ። ተሸክማችኋለች አልኩት። ክንፉ ከተከፈተ ሙጫ የሚነካ ሰው እንደሌለ፣ ኦፓል መቀስ መያዝ እንዳቃታት፣ ሃንጋሩን በበጋው መግቢያ ለመልቀቅ ቃል እንደ ሰጣት ነገረኝ። ሁሉንም አውቀው ነበር። የፊት ክንፏ በአየር ላይ ብትከዳ አፍንጫዋ ቁልቁል እንደሚሄድ፣ ኋላ የተቀመጠችውም ልጅ አብራ እንደምትሄድ ግን አላነሳም። እኔም አላነሳሁበትም።

“ደክሞኛል” አለኝ በመጨረሻ።

“ሁላችንም ደክሞናል” አልኩት። ተነስቶ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳችን ላይ ፓንኬክ ይጋገራል። ራሞና ሰው አድርሷት፣ የአብራሪ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ዌንደል የቀረበለትን ሳይቀምስ ወደ ሃንጋሩ ወሰዳት፤ ኦፓልና እኔ ተከተልን። ሳንቲሙን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረውና ከዚህ እስከዚህ ምቺው አላት። መታችው። እዚያች ቦታ ስትደርስ እጇ ቆመ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜም ነበር።”

“ሰምተውት ነበር?”

“ሰምቼዋለሁ።”

“እና ዝም አሉኝ።”

“ዝም አልኩሽ።”

ሴትዮዋ ሳንቲሙን ጨበጠች። “እኔ በየማለዳው የሰው ልጆች ጭኜ ነው የምነዳው” አለች። “እስከ ዛሬ አልከዳም ብሎ ፍሬኑ የላላ አውቶቡስ የሚያስረክበኝ ሰው ቢኖር ምን እንደምለው ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ” አለ ዌንደል። “በይኝ።”

ኦፓል ከኋላችን፣ ሰው ከመሰዳደቡ በፊት ክፈቱትና እንየው አለች።

ዌንደል ስለት ይዞ የፊት ክንፏን ቆዳ በዝግታ ከፈለው። ሙጫው ስለደረቀ አልጎዳውም፤ ቢሆንም ኦፓል ጭንብል አስደረገችው። ቆዳው መያዝ ሲገባው እንደ ደረቀ ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ፣ ተሸካሚው አጥንት ላይ፣ የመዳፍ ርዝመት ያላት ልስልስ ጨርቅ ተጋድማለች። ይህችን ጨርቅ እኛ ሁላችን እናውቃታለን። እርጥብ ሙጫ ላይ ትለጠፋለች፣ ሲደርቅ ተልጣ ትጣላለች፤ ተልጣ ስትነሳ ሥሩ ሻካራ ሆኖ ቀጣዩን ንጣፍ ይይዛል። ሙጫ ከጠጣች ግን ዓይን አይለያትም። ተረስታ ከላይዋ ከተነጠፈባት ከሥር ያለው ከላይ ካለው አይዋሃድም፤ ይዞ ይቆያል እንጂ አይዋሃድም። የበረሃው ሙቀት ዓመት በዓመት ሲጎትተው ኖሮ አሁን ለቀቀው።

ዌንደል ጨርቋን በሁለት ጣቱ ይዞ አያት። “የእኔ ናት” አለ። “እጄ ያበጠ ቀን የለጠፍኳት ናት።”

“ላይዋ ላይ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ” አለች ኦፓል።

“የማይታይ ነገር እንዴት አድርገሽ ታዪ?”

“ዳስሼ። ልብስ ሰፊ አይደለሁ እንዴ?” ባልዲ ስባ ተቀመጠች። “እኔ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ስበር ሞተሩን ነበር የምፈራው።”

“ዓይንሽን ትጨፍኚ ነበር?”

“ሁልጊዜ።”

ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ወደ ግድግዳው ሄዶ መጋዙን አወረደ። ይበቃል፣ ከዚህ ወዲያ ማንም አይበርባትም አለ። ራሞና ይህን አይታ ያደረገችውን አልረሳውም። የአውሮፕላኗን አፍንጫ በሁለት እጇ ቀና አደረገች፣ ያዝልኝ አለችኝና ፊት ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

“ውረጂ” አላት።

“አልወርድም። የተበላሸችው የፊቷ ክንፍ ብቻ ናት። አዲስ እንዴት እንደምትሠራ ያሳዩኝ፣ እኔ እሠራታለሁ።”

“በጋው ያልቅብሻል።”

“ትምህርት ቤት በጋ ይዘጋል። አውቶቡሴም አብሮ ይተኛል።”

ዌንደል ወደ ኦፓል ዞረ። የዞረው ስለ ቃሉ፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለሚጠብቃቸው ቤት መሆኑ ሁላችንም ገብቶናል። ኦፓል ጉልበቷን እያሻሸች፣ “ኦሪገን የትም አትሄድም” አለች። መጋዙን ከእጁ ተቀብዬ ሰቀልኩት።

ያ በጋ ለማንም ቀላል አልነበረም። እኛ አገር ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሙጫው ጽዋው ውስጥ ፈልቶ ይጨሳል፤ ስለዚህ ገና ሲነጋጋ እንጀምራለን። ዌንደል ነፋሱ ከኋላው እንዲሆን አድርጎ ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሆኖ የማያየውን ሥራ በድምፅ ይመራል፤ ጽዋውን አሁኑኑ አውጪው፣ የጎማ መጥረጊያውን አትጫኚው፣ ሙጫው እንጂ አንቺ አትቸኩይ። ራሞና ደግሞ፣ አውቶቡሴ ውስጥ ቢሆኑ እስካሁን አውርጄዎት ነበር እያለች ትሠራለች። የመጀመሪያዋ ክንፍ ጠምማ ተጣለች። ኦፓል ጨርቅ መቁረጥ ቢያቅታትም በእያንዳንዱ የሚላጥ ጨርቅ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር በመርፌ ታስገባ ነበር፤ አንድ ስፌት ሰፍታ ጣቷን ታሳርፋለች፣ ከዚያ ሌላ ትሰፋለች። ሙጫ ቢጠጣም ቀዩ ክር ይታያል። ራሞና ከእያንዳንዱ ንጣፍ በፊት ቀይ ክር ትፈልጋለች፣ እኔም እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ኦፓል በመዳፏ ትዳስሳለች። እኔ ዕድሜዬን በብየዳ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ በጋ ወገቤ ታምሞ አያውቅም።

ሁለተኛዋ ክንፍ ቀናች። ስትደርቅ ራሞና ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳንቲም መታቻት፤ ዌንደል ከውጭ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። መሀል ላይ አንዴ ድገሚው አላት። ደገመች። ጥርት ብሎ ጮኸ። እሺ አለና ተነስቶ ወደ ጥላው ሄደ። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ራሞና ወስዳት በረረች።

ኦስትራንደሮች ዕቃቸውን ሲጭኑ ባዶው ሃንጋር ውስጥ ከእሱ ጋር ተቀመጥን። ይህን ልጽፍ እንዳሰብኩ ነግሬው ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብህ የቱ ነው አልኩት።

“መብረሩ ነው ብልህ ለጽሑፍህ ያምርልህ ነበር። በረርኩ፣ ደስ ይላል፣ ያልፋል። እኔ የማስበው ያንን ሳምንት ነው። ሰው ክፉ ሆኖ ብቻ አይመስልህ ዝም የሚለው። ሲደክመውም ዝም ይላል። እኔ በጣም ደክሞኝ ነበር፤ ሰጥቻት ልገላገል ምንም አልቀረኝም። ግን ዝም ማለቱ ከሥራው ሁሉ ባሰብኝ። ሳንቲሙን ለሴትዮዋ ሰጠኋት። በሕይወቴ ያደረግሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ ሌላ አትፈልግ። አሁንም ደክሞኛል። ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።”